እግር ሲያብጥ ብቻ የሚዋጥ ላሲክስ

ጥያቄ፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከስምንት ወር በፊት እግሯ እያበጠ፣ ትንሽ ስትራመድ እየደከማት ሐኪም ቤት ወሰድናት። ልቧ ደክሟል አሉን። ላሲክስ የሚባል የሚያሸና ክኒን 40 ሚሊግራም በየጠዋቱ፣ ኢናላፕሪል ደግሞ ጠዋትና ማታ ታዘዘላት። ለግፊቷ አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም ከድሮም ትወስዳለች። ላሲክስ ኩላሊት ያደርቃል ስለተባለች አሁን የምትውጠው እግሯ ሲያብጥ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት እብጠቱ ሲብስባት ማታ ሁለት ፍሬ ዋጠች። ሌሊት ለሽንት ስትነሳ አዙሯት ወደቀች። ደግነቱ አልተሰበረችም። ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ አልፎ አልፎ ትወስዳለች። ጎረቤታችን ደግሞ የራሷን የሚያሸና ክኒን፣ ስፓይሮኖላክቶን የሚባለውን፣ አሥር ፍሬ ሰጥታታለች። የላሲክሱን መጠን እንጨምርላት ወይስ ወደዚህኛው እንቀይርላት? ውሃ መጠጣትስ ትቀንስ? ጾም ሲገባስ እንዴት ታድርግ?»

ምላሽ፦ መጠኑን አይጨምሩ። መድኃኒቱንም አይቀይሩ። መጀመሪያ ዳይክሎፌናኩ ይቁም። ላሲክሱ ወደ ጠዋት፣ ወደ ታዘዘው አንድ ፍሬ ይመለስ። ከመመለሱ በፊት ግን ግፊታቸው ተቀምጠውም ቆመውም ይለካ። የላይኛው ቁጥር ከ100 በታች ከሆነ ወይም ሲቆሙ አሁንም የሚያዞራቸው ከሆነ ላሲክሱን ሐኪሙን ሳያነጋግሩ አይጀምሩ። በዚህ ሳምንት ውስጥ ደግሞ የክሬያቲኒን (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ)፣ የፖታሲየምና የሶዲየም ምርመራ ይደረግላቸው። አንድ የደም ናሙና ይበቃል።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ። ጥያቄዎ ውስጥ አምስት ስህተት ተደራርቧል። አምስቱንም በየቀኑ በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል ስለምሰማቸው የእናትዎ ብቻ አይደሉም።

ትልቁ «ሲያብጥ ብቻ» የሚለው ነው። ልብ ሲደክም ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ኩላሊት ልብ መድከሙን አያውቅም። የሚመስለው ሰውየው ደም የፈሰሰው ወይም ውሃ የጠማው ነው። ስለዚህ ጨውና ውሃ ይቆጥባል። የቆጠበው ውሃ ደም ሥር ውስጥ አልበቃ ሲል ወደ ሥጋ ይወጣል። ሲቆሙ ሲቀመጡ ወደ እግር ይወርዳል፣ ሲተኙ ደግሞ ወደ ወገብና ወደ ሳንባ። ውሃ ቋጠረ የምንለው ይህንን ነው። በአውራ ጣት ቁርጭምጭሚት ላይ ትንሽ ያዝ አድርገው ሲጫኑ ጎድጉዶ የሚቀረውም ለዚህ ነው።

እግር ግን ዘግይቶ ነው የሚናገረው። አንድ ትልቅ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ሲጫኑት ጎድጉዶ እስኪቀር ድረስ ሰውነቱ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሊትር ትርፍ ውሃ ሊጠራቀም ይችላል። አንድ የአምስት ሊትር ጀሪካን ግማሽ ሲሞላ ያለውን ክብደት ያስቡት። እናትዎ እግራቸውን እያዩ ሲጠብቁ ያ ሁሉ ውሃ እየተጠራቀመ ነው። ሲያብጥ ደንግጠው ሁለት ይውጣሉ፣ አንዴ ያደርቃቸዋል። ሲደርቁ ያቆማሉ፣ ተመልሶ ይሞላል። ሰውነት የሚጎዳው በዚህ ውጣ ውረድ ነው።

«ኩላሊት ያደርቃል» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ላሲክስ የሚወስድ ሰው ተመርምሮ ክሬያቲኒኑ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ጥፋቱም ለላሲክሱ ይሰጣል። ላሲክስ በራሱ ኩላሊትን የሚመርዝ መድኃኒት አይደለም። እንዲያውም ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ መጠን ነው የሚታዘዝላቸው። ኩላሊትን የሚጎዳው ከሚገባው በላይ መድረቅ ነው። ከመጠን በላይ ሲዋጥ፣ በተቅማጥና ትውከት ላይ ሲዋጥ፣ ከነዳይክሎፌናክ ሲዋጥ። በሌላ በኩል ኩላሊትን «ያጥባል» ብለው ያለ ሕመም የሚውጡትም ተሳስተዋል። የሚያጥበው ነገር የለም፤ ጨው ያስወጣል፣ ውሃ ጨዉን ተከትሎ ይወጣል።

ይህ ክኒን እንዴት እንደሚሠራ ካወቁ ግማሹ ጥያቄ በራሱ ይፈታል። ትክክለኛ ስሙ ፉሮሰማይድ ነው። ላሲክስ የንግድ ስሙ ሲሆን «ስድስት ሰዓት ይቆያል» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የወጣ ነው ይባላል። እውነትም ያን ያህል ነው የሚቆየው። ከተዋጠ በኋላ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ያሸናል፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ሰዓት መካከል ይበረታል፤ በስድስተኛው ሰዓት ገደማ ያበቃል። በቀሪው 18 ሰዓት ኩላሊት ያጣውን ለመመለስ ጨው እየለቀመ ያስቀራል። ጠዋት በላሲክስ የወጣው ጨው ማታ ጨው በበዛበት ሽሮ ተመልሶ ይገባል ማለት ነው። «መድኃኒቱ ለመደኝ፣ አይሠራም» ከሚሉኝ ሰዎች መካከል ስንቱ ችግሩ ክኒኑ ሳይሆን ድስቱ እንደሆነ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ሌላም አለ። ላሲክስ ደፍ አለው። ለአንድ ሰው ከሚበቃው መጠን በታች ከሆነ ምንም አይሠራም። ደፉን ካለፈ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ መጨመር ግን ያን ያህል አያሸናም፣ ይልቁንም ጉዳቱ ይበዛል። የዚህ ሰው ደፍ 20 ሊሆን ይችላል፣ የዚያኛው 80። የምንውጠው ክኒን በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ወደ ደም የሚገባው። አንጀት ራሱ ሲያብጥ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ በክኒን እምቢ ያለ እብጠት ሐኪም ቤት በመርፌ ሲሰጥ የሚታዘዘው። መጠን መጨመር የሚያስፈልግ ከሆነም ይህንን የሚወስነው በምርመራ ያየ ሐኪም ነው። እጥፍ መዋጥ እንደ ሽሮ ውሃ የሚጨመርበት ጉዳይ አይደለም።

ማታ መዋጡ ደግሞ ለብቻው ስህተት ነው። እስቲ ያቺን ሌሊት እናስብ። ደብረ ብርሃን ነው፣ ብርዱን ያውቁታል። እናትዎ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁለት ፍሬ ዋጡ። 4 ሰዓት ላይ መድኃኒቱ ጀመረ። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ሦስት ጊዜ ተነሱ። ሽንት ቤቱ ግቢ ማዶ ከሆነ ደግሞ ነጠላ ደርበው በጨለማ መውጣት አለ። ኢናላፕሪሉም አምሎዲፒኑም ግፊት ያወርዳሉ፣ በዚያ ላይ ውሃው እየወጣ ነው። ከሞቀ አልጋ ብድግ ሲሉ ግፊታቸው ዝቅ አለ፣ ዞረባቸው፣ ወደቁ። በዚህ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ከእግር እብጠት የከፋ ነው። ስለዚህ ላሲክስ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ይዋጣል። ሐኪም በቀን ሁለቴ ካዘዘም ሁለተኛው ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ እንጂ ማታ አይደለም። ከአልጋ ሲነሱ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያንጠልጥሉ። ከዚያ ይቁሙ።

ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት፣ ለቅሶ የሚደርሱበት ወይም አውቶቡስ የሚሳፈሩበት ቀንስ? ብዙ እናቶች ላሲክሱን የሚተዉት ለዚህ ነው፤ መንገድ ላይ ሽንት እንዳይዛቸው። አፍረው ለሐኪም አይነግሩም፤ ሐኪሙም አይጠይቅም። መፍትሔው መተው አይደለም። ያን ቀን ብቻ ሲመለሱ፣ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ መዋጥ ይቻላል። ከመሸ ግን ይዝለሉት፤ በማግስቱ አንድ ብቻ ይዋጡ። ያለፈውን ለማካካስ ሁለት መዋጥ የለም።

አሁን ዳይክሎፌናክ ላይ ልቆይ፤ በእኔ እምነት የዚህ ሁሉ ነገር ዋነኛ ተጠርጣሪ እሱ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን የሚባሉት ማስታገሻዎች ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ላሲክሱን ደግሞ ያዳክማሉ። አንዱ እጅ የሚቀዳውን ሌላው እጅ ይመልሳል። የልብ ድካም ላለበት ሰው ብቻቸውን እብጠት ሊያመጡ ይችላሉ። ከዚያ የከፋው ኢናላፕሪል፣ ላሲክስና ዳይክሎፌናክ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገናኙ ነው። ሦስቱ በሦስት አቅጣጫ የኩላሊትን የማጣሪያ ግፊት ስለሚያወርዱ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል። «ኩላሊት ያደርቃል» የተባለውን የሚያደርገው ይህ ጥምረት ነው፤ ስሙ የሚጠፋው ግን ላሲክስ ነው።

«አልፎ አልፎ ነው» አይበሉኝ። ጉልበት አንድ ሳምንት ካመመ አልፎ አልፎው ሰባት ቀን ነው። በመርፌ ሲሰጥም ያው መድኃኒት ነው፤ ክሊኒክ ሄደው «የሕመም መርፌ» ከተባሉ ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ የሚልከው አድቪልና አሊቭም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ መድኃኒቶቻቸውን ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ ጠይቄአቸው አመጡልኝ። ፌስታሉ ሥር ሦስት ዓይነት ማስታገሻ ነበር፤ አንዱ ከልጃቸው፣ አንዱ ከጎረቤት፣ አንዱ ከሰፈር ክሊኒክ። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። እሳቸው ግን ሦስቱን ለሦስት በሽታ ነው የሚውጡት፤ ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለራስ ምታት። ለእናትዎ ጉልበት ፓራሲታሞል ይጀመር፤ 500 ሚሊግራም ሁለት ፍሬ፣ በቀን ከሦስት ጊዜ ሳይበልጥ። የጉበት ችግር ካለባቸው ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን። ጉልበቱ በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ አላስነካም የሚል ከሆነ ደግሞ ሪህ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ላሲክስ ዩሪክ አሲድን ስለሚያንር ሪህ መቀስቀሱ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ አምሎዲፒኑ ነው። ይህ የግፊት መድኃኒት ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ በ10 ሚሊግራም ደግሞ ከ5 ይልቅ ይብሳል። የሚያሳብጠው ሰውነት ውሃ በዝቶበት አይደለም። ትንንሾቹ ደም ወሳጅ ሥሮች ሲሰፉ ፈሳሽ ወደ ሥጋ ስለሚያፈስሱ ነው። እንዲህ ዓይነቱን እብጠት ላሲክስ አያጠፋውም። ብዙ ሲዋጥ ሰውየው ይደርቃል፣ እግሩ ግን እንዳበጠ ነው። የሚገርመው የአንዱን ክኒን ጉዳት በሌላ ክኒን ማከም የተለመደ መሆኑ ነው። ልዩነቱ እንዴት ይታወቃል? በልብ ድካም ሲሆን ክብደት ይጨምራል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ትራስ መደራረብ ይመጣል። በአምሎዲፒን ሲሆን ክብደት ያን ያህል አይነቃነቅም፣ ትንፋሽም ደህና ነው፤ ማታ ማታ ጫማ ብቻ ነው የሚጠብባቸው። ለማንኛውም አምሎዲፒኑን ራስዎ አያስቁሙ። «እብጠቱ ከዚህ ይሆን? ወደ 5 ቢወርድስ?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁት። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሙም አይቆጣም።

እንግዲህ እግር ካልታመነ ምን ይታመን? ሚዛን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው ስብ አልጨመረም፤ ውሃ ነው የቋጠረው። ከመንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች ዘንድ መመዘን ለዚህ አይሆንም፤ ዛሬ ከአንዱ ነገ ከሌላው ሚዛን ከሆነ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። አንድ የቤት ሚዛን ይግዙላቸው። ሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጥ፣ ምንጣፍ ላይ አይደለም። በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘኑ። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር፣ በቀኑ ላይ ይጻፉት። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ የልጅ ልጅ ይጻፍላቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ እግራቸው ባያብጥም ለሐኪሙ ይደውሉ። በተቃራኒው ክብደታቸው በፍጥነት እየወረደ፣ አፋቸው እየደረቀ፣ ሲቆሙ እያዞራቸው ከሆነም ይደውሉ፤ መጠኑ በዝቶባቸው ይሆናል።

ውሃ ይቀንሱ ወይ ላሉት፣ ሐኪም በቁጥር ካልነገራቸው አይቀንሱ። አንዳንድ የልብ ሕመምተኛ በቀን ከአንድ ተኩል ወይም ከሁለት ሊትር እንዳያልፍ ይነገረዋል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ላሲክስ እየወሰዱ በፍርሃት ውሃ ማቆም ኩላሊትን ለማድረቅ አቋራጭ መንገድ ነው። ሲጠማቸው ይጠጡ።

መቀነስ ያለበት ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፣ ወጡም ዳቦውም ተደምሮ። «እኔ ወጥ ላይ ጨው አላበዛም» የሚሉ እናቶች እውነታቸውን ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ግን ጨው ገብቶበታል። ሚጥሚጣውም ላይ አለ። ዳቦው ውስጥም አለ። የሾርባ ቅመም ኩብ ደግሞ አብዛኛው ጨው ነው። ቡና በጨው የሚጠጡ ከሆነ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው ሲጨርሱ የቀኑን ድርሻ ትልቅ እጅ ጠጥተውታል። አምቦ ውሃም ሶዲየም ስላለበት የየዕለት መጠጥ አይደረግ። ምላስ ይለምዳል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ጨው የቀነሰ ሰው የሰው ቤት ወጥ መብላት ይቸግረዋል። በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በሎሚ ማካካስ ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ፦ «ለልብ ሕመምተኛ የሚሆን ጨው» ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ኢናላፕሪል ለሚወስድ ሰው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል አይግዙት።

ፖታሲየም ላይ ሰዉ ሁሉ አንድ ምክር አለው፤ ሙዝ ብሉ ይላል። ላሲክስ ፖታሲየም ከሽንት ጋር ያስወጣል፣ ይህ እውነት ነው። በደም ውስጥ ከ3.5 እስከ 5 ያለው ጤነኛ ነው። በጣም ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል፣ ባት ይቆረጥማል፣ የልብ ምት ይዛባል። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ላይ ይህ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። ኢናላፕሪል ግን በተቃራኒው ፖታሲየምን ያስቀራል። እናትዎ ሁለቱንም ስለሚወስዱ የእሳቸው ፖታሲየም ወዴት እንዳዘነበለ በግምት አይታወቅም። ሙዝና አቮካዶ እንደወትሮው ይብሉ። የፖታሲየም ክኒን ወይም ሽሮፕ ግን ያለ ምርመራ አይጀመር። ምርመራው መጠን በተቀየረ ቁጥር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ሁኔታቸው ከተረጋጋ በኋላም በየጥቂት ወሩ መደገም አለበት። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ጊዜ ካልተመረመሩ፣ ጊዜው አልፏል።

ጾሙን በተመለከተ። እስከ 9 ሰዓት ድረስ ውሃ ሳይቀምሱ ጠዋት ላሲክስ መዋጥ ሰውነትን ሁለት ጊዜ ማድረቅ ነው። ጾሙን ብለው ክኒኑን ወደ ማታ መውሰድ ደግሞ ወደዚያች የመውደቅ ሌሊት ይመልሰናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በ55 ቀን ብዙ ነገር ይበላሻል። የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ። ለታመመ ሰው ሥርዓቱ መንገድ አለው፤ እኔ የማውቃቸው አባቶች «መድኃኒትሽን በሰዓቱ፣ ውሃሽንም ጠጪ» ከማለት ወደኋላ ሲሉ አላየሁም። ከሥጋና ከወተት መከልከሉ ለልባቸው ችግር የለውም። የሰዓቱ ነገር ነው የሚጎዳቸው። ለረመዳን ጿሚዎች ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ከኢፍጣር በኋላ ቶሎ ከተዋጠ እኩለ ሌሊት ገደማ ሥራውን ይጨርሳል። ያም ሆኖ ልባቸው የደከመ ሰዎች መጾም መቻላቸውን ከወሩ በፊት ሐኪም ይወስን።

ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ከባድ ትኩሳት ሲይዛቸው ነገሩ ይገለበጣል። ምግብና ውሃ እየገባ ካልሆነ ላሲክሱና ኢናላፕሪሉ ለዚያ ጊዜ ሊቆሙ ይገባ ይሆናል፤ በዚያኑ ቀን ሐኪሙን ይጠይቁ። ሌላ ሕመም ይዟቸው ጀንታማይሲን የሚባል የአንቲባዮቲክ መርፌ ቢታዘዝላቸው ደግሞ ላሲክስ እንደሚወስዱ ይናገሩ፤ ሁለቱ ተደምረው ጆሮ ይጎዳሉ።

ሐኪም ቤት በዚያው ሰዓት የሚያስኬድ ነገር አለ። ጠፍጣፋ ሲተኙ ትንፋሽ ማጣት፣ ሌሊት በትንፋሽ እጥረት ብድግ ማለት፣ አረፋ ያለው አክታ፣ የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት፣ ግራ መጋባት፣ ላሲክስ ተውጦም ሽንት አለመምጣት። አንድ እግር ብቻ ያበጠና የሚያም ከሆነም እንዲሁ፤ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በላሲክስ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰውም አለና አንድ ነገር ልጨምር። ያበጠ ሁሉ ላሲክስ አይፈልግም። ጠዋት ፊት የሚያብጥና ሽንት አረፋ የሚያበዛ ከሆነ ኩላሊት ይታይ። ሆድ ከሆነ የሚነፋው፣ ጉበት። በባዶ እግሩ በቀይ አፈር ላይ ሲያርስ የኖረ ገበሬ እግሩ ቀስ በቀስ ከወፈረና ቆዳው ከሻከረ ዝሆኔ ሊሆን ይችላል። የዚያ ሕክምና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ነው፤ የሚያሸና ክኒን አንድ ጠብታ አይረዳውም። ነፍሰ ጡር ሴት እግሯና ፊቷ አብጦ ራሷን ካመማት ደግሞ ግፊቷን ዛሬውኑ ታስለካ፤ ላሲክስ ገዝታ አትዋጥ። ለሰርግ ሁለት ኪሎ ልቀንስ ብለው ያለ ማዘዣ የሚጠይቁኝም አሉ። የሚወጣው ውሃ ነው፣ በማግስቱ ይመለሳል። አልሸጥላቸውም፤ ተቆጥተው ሌላ መድኃኒት ቤት ይሄዳሉ።

የጎረቤትዎ ክኒን ቀረ። ስፓይሮኖላክቶን መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ለልብ ድካም በእርግጥ ይታዘዛል፣ ዕድሜም ያስረዝማል፤ ምናልባት ሐኪማቸው ነገ ከላሲክሱ ጋር ይጨምርላቸው ይሆናል። የላሲክስ ምትክ ግን አይደለም። የሚያሸናው በዝግታ ነው፤ ሥራው እስኪታይ ቀናት ይፈጃል። በዚያ ላይ እንደ ኢናላፕሪል ፖታሲየም ያስቀራል። ኩላሊታቸው በዳይክሎፌናክ የተጎዳ ከሆነ ሁለቱ ተደርበው ፖታሲየሙን ልብ እስከሚያቆም ድረስ ሊያንሩት ይችላሉ፤ ከፍ ያለ ፖታሲየም ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። አሥሩን ፍሬ ለጎረቤትዎ ይመልሱላት። እሷም የታዘዘላት ለራሷ ልብ ወይም ለራሷ ጉበት ነው፤ አሥር ቀን ሳትወስድ መክረም የለባትም።